የት ላይ ራበህ?

እትዬ አስካለ ማረፋቸውን የነገረኝ የበቅሎዋ ጀርባ የተላጠበት ነጋዴ ነው። ከአንኮበር ወጥቶ ደብረ ብርሃን እንደገባ ኮርቻውን ሊያስጠግን ወደ እኔ መጣ። እኔ ጎንበስ ብዬ ቁስሉን ሳይ እሱ እንደ ዋዛ፣ "ያቺ ስንቅ አዘጋጇ አሮጊት እኮ ሞተች፤ ሚካኤል ተቀበረች" አለኝ። ቀና ልል ብዬ አልቻልኩም። እዚያው ከበቅሎዋ ሆድ ሥር እንደ ጎበጥኩ እንባዬ መጣ። ነጋዴው ለበቅሎዋ ያዘንኩ መስሎት፣ "አይዞዎት አባቴ፣ ቅቤ ብንቀባት ትድናለች" ሲለኝ ከነልቅሶዬ ሳቅሁ። እትዬ አስካለም ቢሰሙ ይስቁ ነበር። ሳቃቸውን እንደ ጨረሱ ደግሞ በቅሎዋ ምን በልታ ያን ዳገት እንደ ወጣች ሳይጠይቁት አይለቁትም ነበር።

እኔ ወደ ደብረ ብርሃን ሳልመጣ፣ ክፉው ቀን ከመምጣቱ በፊት ጀምሮ አንኮበር ላይ ጎረቤታሞች ነበርን። እኔ ያኔ ጎረምሳነቴን ጨርሼ ትዳር የያዝኩ፣ ኮርቻና ስልቻ የምሰፋ ሰው ነኝ። እኔ የሰፋሁትን ስልቻ እሳቸው ይሞሉታል። ወደ ደነባ የሚሻገር ነጋዴ፣ ገዳም ሊሳለም የሚነሳ መነኩሴ፣ ዘመቻ የተጠራ ወታደር፣ መንገድ የጀመረ ሰው ሁሉ ስንቁን የሚያዘጋጀው እሳቸው ዘንድ ነው። ገብሱን ፈትገው፣ ቆልተው፣ ፈጭተው የሚያወጡት በሶ በአገሩ ስም ነበረው። ቁመታቸው አጭር፣ ሰውነታቸው ቀጭን ሆኖ ክንዳቸው ግን ከሙቀጫ ጋር ሲታገል የኖረ የወንድ ክንድ ነበር። ቅንድባቸው ላይ ሁልጊዜ ዱቄት አለ። አንድ ጊዜ የእኔ ሚስት በነጠላዋ ልትጠርግላቸው ብትሞክር፣ "ተይው፣ እዚያ ያለውም ስንቅ ነው" ብለው ገፈተሯት።

መንገደኛ ሲመለስ ሌላው ሰው "እንኳን በደህና ገባህ" ይላል። እሳቸው ግን ገና ከበር ሳያልፍ፣ "የት ላይ ራበህ?" ነው የሚሉት። ሰውየው እንደ ጨዋነት "ኧረ አልራበኝም፣ ስንቅዎ ግሩም ነበር" ብሎ ሊያልፍ ከሞከረ ጉድ ፈላ። "የማይራበው ድንጋይ ነው! ንገረኝ፣ የት ላይ?" ይሉታል። የበላውን፣ የተሸከመውን፣ በየትኛው ወንዝ ማዶ ጉልበቱ እንደ ከዳው፣ ሁሉን አውጥቶ ካልነገራቸው አይገላገልም። አንዱ ጫጫ ሳይደርስ ራበኝ ብሎ ሲነግራቸው፣ "ታዲያ ሽምብራ ቆሎ ይዘህ ጫጫ ልትደርስ አስበህ ኖሯል?" ብለው ሲቆጡት ሰምቻለሁ፤ ሽምብራውን ያዘዘው እኮ ራሱ ነው።

ይህን ሁሉ እየሰበሰቡ የእህልን ጉልበት የሚለኩበት መለኪያ አወጡ። መለኪያቸው ዳገት ነበር። ከአልዩ አምባ ገበያ ተነስቶ አንኮበር የሚያወጣው ያ ጉልበት አንቀጥቅጥ ዳገት፣ ሰው ሸክም ይዞ ሲወጣው አንድ ይባላል። ሽምብራ ቆሎ ግማሽ ዳገት ያወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ውሃ ውሃ ያሰኛል ይላሉ። የጤፍ እንጀራ ለቤት ነው፣ ዳገት ላይ ከሰውየው ቀድሞ እሱ ይደክማል ይላሉ። በሶ ግን ዳገቱን አስወጥቶ፣ እላይ ከደረሱ በኋላ ጠብ ለመፈለግ የሚበቃ ጉልበት ይተርፈዋል። ያሉት ሁሉ ልክ ነበር አልልም፤ ለገብስ ያደላሉ፣ ደገኛ ናቸውና። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት የሚሠራው የእህቴ ልጅ በቅርቡ ሲያጫውተኝ፣ ፈረንጆቹ እህልን አቃጥለው የሚሰጠውን ሙቀት ይለካሉ፣ ልኩንም ካሎሪ ይሉታል አለኝ። እኛ ጎረቤት ደግሞ እህሉን ሰው ሆድ ውስጥ ጨምረው ዳገት ላይ የሚለኩ ሴት ነበሩ ብዬ ብነግረው ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ነገሩ ለእትዬ አስካለ ጨዋታ አልነበረም። ባላቸው ዘመቻ ሄደው ነው የቀሩት። ጦር አላገኛቸውም፣ በሽታም አልነካቸውም፤ ቆላ ለቆላ ሲመለሱ ጉልበት ከድቷቸው መንገድ ዳር ተቀምጠው ቀሩ። ስልቻቸው ግን ባዶ አልነበረም። በሶ ነበረበት፣ በሶውንም የፈጩት እትዬ አስካለ ራሳቸው ነበሩ። ስልቻውን ያመጣላቸው የባላቸው ጓደኛ ይህን ሲነግራቸው እትዬ አስካለ ምንም ሊገባቸው አልቻለም። ስንቅ ያለው ሰው እንዴት ይሞታል? የማይመጥን ስንቅ ሰጥቼው ይሆን? ከዚያ ወዲህ ነው መንገደኛውን ሁሉ የት ላይ ራበህ እያሉ ማስጨነቅ የጀመሩት።

አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ደምሴ የሚባል። ቁመቱ ሸንበቆ የሚያህል፣ ሳቂታ፣ አፉ ሳይከፈት ዓይኑ የሚናገር ጎልማሳ ነበር። ይህ ልጅ የሐጂ ሰይድን ቅፍለት ተከትሎ በረሃውን አቋርጦ ባሕር ካላየሁ ብሎ ተነሳ። ሐጂ ሰይድ ግመል ጭነው ወደ ባሕሩ ጠረፍ የሚወርዱት የአልዩ አምባ ነጋዴዎች አለቃ ናቸው። እናቱ እምቢ አላሉም። እምቢ ቢሉ ሳይመረቅ እንደሚሄድ ያውቃሉ። ነገር ግን በግልጽ፣ እኔም በሰማሁበት ነገሩት፦

"ልጄ፣ ስንቅህን ሳላምንበት አልመርቅህም። አባትህን ሳላምንበት ሸኝቼው ያየሁትን አይቻለሁ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታቸው ውስጥ ሌላ ሥራ ቀረ። ገብሱ ከጫጫ በኩል ነጭ ነጩ ተመርጦ መጣ፤ እኔም ከእጄ ያለውን ምርጥ ቆዳ ለስልቻው ሰጠሁ። በዚህ መሃል አንድ ቀን ሐጂ ሰይድ ራሳቸው ወጡ። ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ ቀጭን ረጅም፣ ነገር የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው። ከእትዬ አስካለ ጋር ወዳጅነታቸው የቆየ ነው። ሥጋቸው ለየብቻ ነው፤ የእህል ነገር ከሆነ ግን ከአንድ ገበታ ሲበሉ ማንም አይከለክላቸውም፣ ስለ እህል ሲጨቃጨቁም ማንም አይገላግላቸውም።

"ኧረ ይህ ሁሉ ዱቄት ምንድን ነው?" አሉ ሐጂ ስልቻውን በበትራቸው ነካ አድርገው።

"የልጄ ስንቅ ነው፤ ምን ሊሆን ኖሯል?"

"በረሃውን በዱቄት ሊሻገረው? ሱብሐነላህ! ቴምር ያዥለት አስካለ። እኛ የምንሻገረው በቴምር ነው።"

"ቴምር? ቴምር እኮ የሕፃን ማባበያ ነው ሐጂ። እሱን በልቶ ሰው የት ይደርሳል? ጓሮ ደርሶ ይመለሳል።"

"እኔ እሱን በልቼ ስንት ጊዜ ባሕር ደርሼ መጣሁ?"

"እርስዎማ በግመል ነው የደረሱት!"

እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ሆዴን ይዤ ስስቅ ሐጂም ሳቁ። እትዬ አስካለ ግን አልሳቁም። የልጃቸው ነፍስ ያለችው በዚህ ክርክር ላይ ነው። "እፍኝ በእፍኝ ይለካ" አሉ። "አንድ ሰው በሶ ይብላ፣ አንድ ሰው ቴምር ይብላ፣ እኩል ሸክም ይሸከሙና ዳገቱ ይፍረድ።" ሐጂም፣ "ወላሂ ይፍረድ! አርብ ገበያ ነው፣ ሰው ሁሉ ይየው" ብለው ተስማሙ።

በበሶ በኩል ደምሴ ራሱ ቆመ። በቴምር በኩል የሐጂ ግመል ነጂ አሊ የሚባል፣ ባቱ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ቆለኛ ቆመ። እትዬ አስካለ የበሶውን ድርሻ በጨርቅ ቋጥረው ለልጃቸው ሰጡትና ከዋዜማው ወደ አልዩ አምባ ላኩት። ጠዋት ሁለቱም እኩል አሞሌ ጨው ተሸክመው ሐጂ ባሉበት ከገበያው ዳር ተነሱ። እትዬ አስካለና እኔ፣ የሰፈሩም ሰው፣ ዳገቱ ከሚያበቃበት ቆመን ቁልቁል እናያለን። በመጀመሪያ አሊ ይመራ ነበር። መሃል ላይ ሲደርሱ ደምሴ ቀደመው። እትዬ አስካለ እልል ብለው መቀነታቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩና፣ "አያችሁ! ካልጠገቡ አይዘሉ!" እያሉ መንደሩን አናወጡት። ደምሴ አሊን እሩቅ ጥሎት ወጣ። ላቡ እየተንጠፈጠፈ እናቱ እግር ሥር አሞሌውን ዘርግፎ ሲስቅ ሕዝቡ ሁሉ ተሸከመው። የዚያን ዕለት አንኮበር ውስጥ ገብስ እንደ ጀግና ተፎከረለት።

ከሰዓት በኋላ ጸጥ ሲል እትዬ አስካለ የልጃቸውን ጋቢ ሊያሰጡ ሲያራግፉ ከጫፉ ላይ ቋጠሮ አገኙ። እኔ ከአጥሩ አጠገብ ስልቻ እየወጠርኩ ነበር። ቋጠሮውን ፈቱት። በሶው እንዳለ ነው፤ ጣት አልነካውም።

"ደምሴ!" አሉ። "ይኸ ምንድን ነው?"

ልጁ ወጣ፣ አየው፣ አንገቱን አከከ። "አርብ አይደለም እንዴ እማዬ? እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ እኮ።"

"በሶ እኮ የጾም ምግብ ነው!"

"የጾም ምግብ ቢሆንስ? ሰዓቱ ሳይደርስ ይበላል እንዴ?"

እትዬ አስካለ እዚያው መደቡ ላይ ዘጭ አሉ። አርብ መሆኑን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ራሳቸውም እኮ እየጾሙ ነው እልል ሲሉ የዋሉት። በሶው ሥጋ ስላልነካው፣ ቅቤ ስላልነካው፣ ሸክም ይዞ ዳገት ለሚወጣ ሰው የሰዓቱ ነገር የሚያሳስብ አልመሰላቸውም። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። በገበያው ሕዝብ ፊት በሶ ቴምርን ያሸነፈው ማንም ሳይበላው ነው። "እትዬ፣ እኔ አላየሁም፣ እርስዎም አላዩም፤ ድሉ ይርጋ" አልኳቸው። ዞረው አዩኝና፣ "አንተ ኮርቻ ሠሪ፣ ልጄ ሊሄድ ነው እኮ። የውሸት ድል ስልቻ ውስጥ ከትቼ ልስጠው?" አሉኝ። አፈርኩ።

በማግስቱ ማለዳ ተነስተው አልዩ አምባ ወረዱ። ብቻቸውን እንዳይሆኑ ተከተልኳቸው። ሐጂ ሰይድ ነገሩን ሲሰሙ ጥምጣማቸው እስኪፈታ ሳቁ። "እንዲያ ከሆነ እኮ ልጅሽን ዳገቱን ያወጣው በሶ አይደለም፣ ሌላ ነገር ነው" አሉ። እትዬ አስካለ ይህን ልብ አላሉትም፣ እኔም አላልኩትም። ሐጂ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጧቸው።

"ስሚኝ አስካለ። ደምሴ በልቶ ቢሆንም ፍርዱ ፍርድ አልነበረም። ጉልበቱን አልክድሽም፣ እፍኝ በእፍኝ ከሆነ የገብስሽ ይበልጣል፤ እኔም አውቀዋለሁ። በረሃ ግን በዳገት አይለካም። በረሃ የሚለካው በውሃ ነው። በሶሽ ሰውየው ሳይጠጣ ቀድሞ እሱ ይጠጣል። ውሃ የሌለ ቀን ሰው ሙሉ ስልቻ ታቅፎ ይራባል። አንቺ የምንጭ አገር ሰው ነሽ፤ ውሃን ከስንቅ ቆጥረሽ አታውቂም።"

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ። ዳገቱን ስንመለስ መንገዱን የሚያቋርጥ ምንጭ ባገኘን ቁጥር ቆም ይሉና እንደ አዲስ ነገር ያዩታል። ያን ምንጭ ስንት ጊዜ ረግጠውት አልፈዋል።

ሌላ ሰው ቢሆን በሐጂ ቃል ያምን ነበር። እሳቸው ግን ራሳቸው ካልቀመሱት አያምኑም። ፀሐይ በከረረችበት ሰሞን አንድ ቀን ጠሩኝና የውሃ ቅል አስያዙኝ። "ከቆላው ጀምሬ እወጣለሁ። ከኋላዬ ሁን። ውሃ ብለምንህ እንዳትሰጠኝ" አሉኝ። የመጀመሪያው ቀን የቴምር ነበር። እሱን ብቻ በልተው ወጡ። ወሬያቸው አልተቋረጠም፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሲያሙልኝ ሄድን። ነገር ግን ዳገቱ ሳያልቅ እግራቸው እምቢ አለ። "አፌ ደህና ነው፤ ጉልበቴ ግን አለቀ። እዚህ ላይ ራበኝ" ብለው ቦታውን በድንጋይ ምልክት አደረጉበት።

በሌላ ቀን የበሶው ተራ ሆነ። ደረቁን በሶ እየቃሙ ተነሱ። እግራቸው እንደ ፍየል ነበር፣ እኔን አስከነዱኝ። መሃሉ ላይ ስደርስባቸው ግን ቆመዋል፣ አይናገሩም። በሶው ከላንቃቸው ተጣብቆ ምላሳቸው አልላወስ ብሏል። እኔ ሞኙ መቀለድ አማረኝ። "ይኸው እትዬ አስካለ ዝም አሉ፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸ ነው" አልኩ። በእጃቸው ወደ ቅሉ አመለከቱ። እንዳትሰጠኝ ብለውኝ ነበርና ዓይን ዓይናቸውን አየሁ። ዓይናቸው የሚቀልድ ሰው ዓይን አልነበረም። ሮጥ ብዬ አጠጣኋቸው።

ከጠጡ በኋላ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ማልቀስ ጀመሩ። ሲያለቅሱ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

"እንዲህ ሆኖ ነው የሞተው" አሉ። "ስልቻው ሙሉ ነበር እኮ። እኔ ስንቁ አነሰው ስል ኖርኩ። ጉልበቱ ስልቻው ውስጥ ሞልቶለት፣ ማውረጃ ውሃ አጥቶ ነው ለካ።"

ጀርባቸውን ደገፍ አድርጌ ፀሐይዋ እስክትዘቀዝቅ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። የእሳቸውን ነገር ባሰብኩ ቁጥር መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ቦታ ነው። ከታች የቆላው አገር በሙቀት ይንቀጠቀጣል፣ እሳቸው ባዶውን ቅል ታቅፈዋል፣ ከንፈራቸው ላይ በሶው እንደ ነጭ ጭቃ ደርቋል።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ዛሬም ያስገርመኛል። የቴምሩን ፍሬ ነቅለው ሥጋውን በሙቀጫ ደቆሱት። በዚያ የበሶውን ዱቄት ያለ ውሃ አሹት። ትንሽ የኑግ ዘይት ጨመሩበትና ጠበቅ ጠበቅ ያለ ጭብጦ አደረጉት። አፍ ሲገባ አይደርቅም፣ ጥርስ አይዝም፣ ውሃም አይለምንም። "ጉልበቱ የበሶ፣ ምራቁ የቴምር" ይሉ ነበር። ይህን ይዘው ደግሞ ዳገቱን ወጡ። በድንጋይ ያመለከቱበትን ቦታ አልፈው እቤታቸው እስኪገቡ ዘፈን አላቋረጡም፤ ድምፃቸው አያምርም ነበር፣ እግዜር ይማራቸው። ለሐጂ ሰይድ አንድ ጭብጦ ሲልኩላቸው ሐጂ ቀምሰው፣ "ገብስም ቴምርም አሸነፉ፣ እኛ ብቻ ተሸነፍን" ብለው ላኩባቸው።

ደምሴ ስልቻውን በዚያ ጭብጦ ሞልቶ ሄደ። እናቱ መረቁት፣ ጉልበታቸውን ስሞ ተነሳ። ሁላችንም እስከ ዳገቱ አፋፍ ሸኘነው። ልጁ ቁልቁለቱን እንደ ጀመረ እየሮጠ ወረደ፤ እኛ እጃችንን እያወዛወዝን ብንቆምም አልዞረም። የእትዬ አስካለን ፊት ግን እንደዚያ ቀን ብሩህ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ያመኑበትን ስንቅ ሰጥተዋላ። የቀሩት ወራት እንዴት እንዳለፉ አልናገርም፤ ከቆላ የመጣ ሰው ሁሉ ስለ በረሃው፣ ስለ ውሃው ጉድጓድ፣ ስለ ሙቀቱ ሲጠየቅ ከረመ።

ቅፍለቱ ሲመለስ ሐጂ ሰይድ ዳገቱን ራሳቸው ወጡ። እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆመው አዩዋቸው፤ ብቻቸውን ነበሩ። ሐጂም የሴትዮዋን ፊት አይተው ገና ከሩቅ፣ "ደህና ነው! አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው!" እያሉ ጮኹ። ከዚያ ተቀምጠው ሁሉን ነገሯቸው። ደምሴ በረሃውን ከሁሉም ቀልጥፎ ተሻግሯል። ባሕሩን ሲያይ ልብሱን ሳያወልቅ ገባበት። ሁለት ቀን ከውሃው ዳር አልነሳም ብሎ ከሰነበተ በኋላ ከጀልባ ሰዎች ጋር ሥራ ያዘ። ሐጂ ቢለምኑት፣ ቢቆጡት፣ አልመለስም አለ። ቅፍለቱ ጠረፉን ሳይለቅ እሱ ባሕሩን ተሻግሮ ማዶ ሄደ።

"ስንቁ በቃው?" አሉ እትዬ አስካለ።

"ተርፎት ለእኔ ሰዎች አካፈለ።"

እትዬ አስካለም፣ "የሠራሁት ለመሄጃው ብቻ ነበር፤ የሚመልሰውን አልሠራሁለትም" አሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ወደ እኔ ዞረው፣ "በባዶ ሆዱ ያን ዳገት ሲወጣው ነበር ልቡ አስቀድሞ እንደ ሄደ ማወቅ የነበረብኝ" አሉኝ። ሐጂ ሰይድ ጢማቸውን ይዘው መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ክፉው ቀን የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ከብቱ አለቀ። ከብቱ ሲያልቅ የሚያርስ ጠፋ፣ መሬቱ ጦም አደረ፣ ለዘር የተቀመጠውም ተበላ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ መናገር አልወድም። እኔ ራሴ ልጆች ቀብሬያለሁ። እትዬ አስካለ ለመንገደኛ ያስቀመጡት ገብስ ነበራቸው፤ ስንቅ የሚጠይቅ መንገደኛ ግን የለም፤ ያለው የሚሰደድ ብቻ ነው። ጎተራቸውን ከፍተው በሶውን በውሃ ቀጠን አድርገው በጥብጠው በበራቸው ለሚያልፈው ሁሉ አንድ አንድ ጭልፋ ሰጡ። የእህል ጉልበት በዳገት መለካቱ ቀረ። "ይኸ እስከ ማታ ያደርሰዋል" ብቻ ነው የሚሉት። ጎተራው ሲራቆት ራሳቸውም አጥንት ብቻ ሆኑ።

በዚያን ጊዜ አንድ ቃል ከአፋቸው አይጠፋም ነበር፤ "እንኳን ቀረ" የሚል። የሌላ ሰው ልጅ ሲቀበር አይተው ሲመለሱ፣ "እንኳን ቀረ ልጄ፤ እግዜር አውቆ ነው ባሕር ያሻገረልኝ" ይላሉ። ቀድሞ በልጃቸው መቅረት ያለቀሱት ሴት አሁን ለዚያው መቅረት ስዕለት ያስገባሉ። እኔ ልጆቼን የቀበርኩ ዕለት መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ያን ቀን ብቻ ቃሉን አላነሱትም። እጄን እንደያዙ አደሩ።

ከዓመታት በኋላ ምድሪቱ ምሕረት አገኘች። በሬ ያላገኘው በዶማ ቆፍሮ ዘራ፣ ዝናቡም በጊዜው ጣለ። የመጀመሪያው ገብስ ተወቅቶ የገባ ሰሞን ከአጥሩ ማዶ የሙቀጫ ድምፅ ሰማሁ። ስንት ጊዜ ሳልሰማው ኖሬ ነበር! ሥራዬን ጥዬ ሄድኩ። እትዬ አስካለ አርጅተዋል፣ ክንዳቸው ሰልሏል፣ ግን ዘነዘናውን ይዘው ቆመዋል፤ ቅንድባቸው ላይ ዱቄት አለ። ደስ አለኝ። ደስ የሚያሰኛቸውን ቃል ልናገር ብዬ፣ ራሳቸው ሲሉት የኖሩትን፣

"እትዬ፣ ደምሴ እንኳን ቀረ፤ ያን ሁሉ መዓት ሳያይ" አልኳቸው።

ዘነዘናውን አቆሙ። ሙቀጫው ውስጥ ያለውን እያዩ ቆዩ፤ ከዚያ ቀና ብለው በበሩ በኩል ደምሴን የሸኘንበትን የዳገቱን አፋፍ አዩ።

"አሁንማ ገብስ አለ" አሉ።